ባዶስ ስንት ሊትር ነው?

ንጉሥ ሰሎሞን ያሠራው ትልቁ የናስ ኩሬ ምን ያህል ውኃ ይይዝ ነበር? 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 7 ሁለት ሺህ የባዶስ መስፈሪያ ይለናል። 2ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 4 ደግሞ ሦስት ሺህ ነው ይላል። እኛም ከሁለቱ የትኛው ልክ ነው ብለን ከመከራከራችን በፊት አንድ ጥያቄ አነሣን፤ ለመሆኑ ባዶስ ራሱ ስንት ሊትር ነው?

ከቀላሉ እንጀምር። በጥንት ዕብራውያን ዘንድ ትንሹ የፈሳሽ መስፈሪያ ሎግ ነበር። 12 ሎግ አንድ ኢን፣ 6 ኢን አንድ ባዶስ፣ 10 ባዶስ አንድ ቆሮስ ይሆናል። ዝምድናቸው እስከዚህ ድረስ ግልጽ ነው። ችግሩ ከእነዚህ አንዱን እንኳ በእኛ ሊትር ለክቶ ያስቀመጠልን ሰው የለም።

ስለዚህ ወደ ሸክላው እንሂድ። በይሁዳ ምድር ከተገኙት የትልልቅ ማድጋ እጀታዎች ከ2,000 በላይ የሚሆኑት ማኅተም አለባቸው። ጽሑፉ «ለንጉሥ» ይላል፤ የዕብራይስጡ ቃል ከግዕዙ «መለከ» ጋር ዘመድ ነው። ከሥሩ ከአራት የቦታ ስሞች አንዱ ይጻፋል። ኬብሮን፣ ዚፍና ሶኮ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ዘመኑ የንጉሥ ሕዝቅያስ ነው። የአሦሩ ሰናክሬም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ701 ለኪሶን ሲያቃጥል ማድጋዎቹ በፍርስራሹ ሥር ተቀበሩ። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቦታው የቆፈረው ዳዊድ ኡሲሽኪን የተሰባበሩትን አስጠግኖ ይዘታቸውን ለካ። ታዲያ ምን ቢገኝ ጥሩ ነው? ማኅተሙ አንድ፣ ቅርጹ አንድ፣ ይዘቱ ግን የተለያየ! አንዱ 40 ሊትር ገደማ ሲይዝ ሌላው ከ50 ያልፋል።

«ባዶስ» የሚል ቃል የተጻፈባቸው ስብርባሪዎችም ተገኝተዋል። አሜሪካዊው ዊልያም ኦልብራይት ከእነሱ ተነሥቶ ባዶስ 22 ሊትር ያህል ነው አለ። የጥንቱን ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍን የተከተሉ ሊቃውንት ግን ወደ 39 ያደርሱታል። በዚህ ስሌት የሰሎሞን ሁለት ሺህ ባዶስ 44,000 ሊትርም፣ 78,000 ሊትርም ሊሆን ነው።

እኛ ከዚህ የያዝነው አንድ ነገር ነው። የንጉሥ ማኅተም ዕቃው የማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ ልክ ስለመሆኑ ዋስ አይሆንም። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 45 እውነተኛ ባዶስ ይኑራችሁ ያለው ለነጋዴው ብቻ አልነበረም፤ የተናገረው ለእስራኤል አለቆች ነው። ግፉ ይብቃችሁ ካለ በኋላ ወዲያው የመስፈሪያ ነገር ማንሣቱ በአጋጣሚ አይመስለንም። ገበሬው ግብሩን የሚሰፍረው በእነሱ ዕቃ ነበራ!

በሉቃስ 16 ያለው መጋቢ የመቶ ማድጋ ዘይት ዕዳ አምሳ ብለህ ጻፍ ሲል ታስታውሳላችሁ። የአማርኛው «ማድጋ» በግሪኩ ያው ባዶስ ነው። እንግዲህ ከአሁን ወዲያ ቁጥር ሲነገረን ስንት ነው ብለን ብቻ ዝም አንልም። በማን መስፈሪያ ተሰፍሮ? እንላለን።