ስሙ ባሕር ማዶ፣ ኮዱ ሐዋሳ

ለውጭ ገበያ በሚወጣ የቡና ጆንያ ላይ የሚጻፈው ነገር ጥቂት ነው። የአገሩ ስም፣ የቡናው ዓይነትና ደረጃ፣ የላኪው ስም፣ ከዚያም ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት በዘረጋው ሥርዓት መሠረት በእዝባር ለሦስት የተከፈለ ቁጥር። የቁጥሩ መጀመሪያ አገሩን ይናገራል፤ የኢትዮጵያ 10 ነው። መካከለኛው ላኪውን፣ የመጨረሻው ጭነቱን ይለያል። ከሲዳማ ተነሥቶ ጅቡቲ ለደረሰ 60 ኪሎ ቡና ማንነቱን የሚመሰክርለት ይኸው ነው። እሸቱን የለቀመው ሰው ስም የለበትም፤ ቀበሌውም አይጠራም። ዓርማ፣ የቀለም ምርጫ፣ የፊደል ቅርጽ የሚባለው ነገር የሚመጣው ጆንያው ባሕር ማዶ ተፈትቶ፣ ቡናው ተቆልቶ በትንንሽ ከረጢት ሲታሸግ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ዓርማው ቡናውን የቆላው ድርጅት ነው።

ይህን አሠራር ለመለወጥ የተደረገው የመጀመሪያ ከባድ ሙከራ በመዝገብ የሚገኘው መጋቢት 1997 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 2005) ላይ ነው። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት፣ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉት ሦስት የቡና ስሞች የኢትዮጵያ መንግሥት የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡለት ለአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ አመለከተ። ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ገና ጀማሪ ነበር፤ የተቋቋመው በ1995 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 320 ነው። ዋና ዳይሬክተሩ ጌታቸው መንግስቴ ነበሩ። ላይት ይርስ አይፒ የተባለ የዋሽንግተን ድርጅት በምክር፣ አርኖልድ ኤንድ ፖርተር የተባለ የጥብቅና ድርጅት ደግሞ ያለ ክፍያ በሕግ ሥራው አግዘዋቸዋል።

አንድ ነገር ልብ ይባል። ይህ ማመልከቻ ሲገባ ኢትዮጵያ ውስጥ ራሱን የቻለ የንግድ ምልክት አዋጅ አልነበረም። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የንግድ ስምንና መለያ ምልክትን በጥቂት አንቀጾች ያነሣ ነበር። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501 ግን የወጣው በ1998 ዓ.ም መጨረሻ፣ ከማመልከቻው ከዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። አገሪቱ ስሟን ለማስከበር አሜሪካ የሄደችው በቤቷ ሕጉ ሳይጻፍ ነበር ማለት ነው። የወረቀት ወግ ስላልነበረን ግን አይደለም። ከነገሥታቱ የአንበሳ ማኅተም እስከ ዛሬው የማኅበራት ክብ ማኅተም ድረስ፣ ማኅተም ያላረፈበት ደብዳቤ ቢሮ ገብቶ መልስ አያገኝም። ነጋዴውም ፈቃድ ባወጣ ማግሥት የሚሮጠው ማኅተም ወደሚቀርጽለትና ስሙ ራስጌው ላይ የታተመበት ወረቀት ወደሚያዘጋጅለት ሰው ነው። ነገር ግን ማኅተም ደብዳቤው ከማን እንደወጣ ይመሰክራል እንጂ፣ ሲያትል መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ከረጢት ስም የማን እንደሆነ አይናገርም።

ጽሕፈት ቤቱ የመረጠው መንገድ ያኔም አከራካሪ ነበር። ለእንዲህ ያለ ምርት የተለመደው የመነሻ ቦታ ማረጋገጫ ምልክት ነው። ቡናው በእርግጥ ከተባለው ቦታ መምጣቱን፣ የተወሰነውን ጥራት ማሟላቱን የሚቆጣጠር አካል ይቋቋማል፤ ምልክቱን የሚጠቀመው ያንን ያለፈ ብቻ ነው። በኋላ የአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስም ኢትዮጵያ በዚህ መንገድ ብትሄድ ይሻላል ብሎ ተሟግቷል። የጌታቸው መልስ በወረቀት ከሚያምረው ይልቅ ገጠሩን የሚያውቅ መልስ ነበር። የኢትዮጵያ ቡና የሚበቅለው አራት ሚሊዮን በሚሆኑ ትንንሽ ማሳዎች ላይ ነው። እሸቱ በሰው ትከሻና በአህያ ጀርባ ተጭኖ መፈልፈያ ጣቢያ ይደርሳል። እያንዳንዱን ማሳና እያንዳንዱን ሰብሳቢ እየተከተለ የሚያረጋግጥ ሥርዓት ለመዘርጋት የሚወጣው ገንዘብ መልሶ ከገበሬው ኪስ ነው የሚመጣው። የንግድ ምልክት ግን ቁጥጥሩን ከማሳው አንሥቶ ወደ ስሙ ያዛውረዋል፤ ስሙን ማን ማሸጊያው ላይ ማተም እንደሚችል የሚወስነው ባለቤቱ ነው። በእኔ ግምት ምርጫው ትክክል ነበር፤ ቢያንስ በዚያን ጊዜ በነበረው አቅም ሌላ የሚያዋጣ መንገድ አይታየኝም። ጉድለቱ የታየው ዘግይቶ ነው፤ እሱም ሐዋሳ ላይ።

ይርጋጨፌ ብዙ ሳይከብድ አለፈ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ተፈቀደ። ሲዳሞ ግን ገና ከበሩ ሌላ ማመልከቻ ቀድሞት ተገኘ። ስታርባክስ በ2004 እ.ኤ.አ. «ሽርክና በፀሐይ የደረቀ ሲዳሞ» የሚል ስም ለራሱ እንዲመዘገብለት አመልክቶ ነበር። በወቅቱ እንደተዘገበው ይህ ቡና ፓውንዱ እስከ 26 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ገበሬው ለአንድ ፓውንድ የሚያገኘው ግን አንድ ዶላር አካባቢ ነው። ስታርባክስ በ2006 አጋማሽ ማመልከቻውን ተወው። ይሁን እንጂ የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃውሞ አቀረበ። ሲዳሞና ሐረር የማንም መለያ ያልሆኑ የቡና ዓይነት መጠሪያዎች ናቸው የሚል ነበር፤ መርማሪዎቹም ተቀብለው ሁለቱን ስሞች መለሱ።

ከዚህ በኋላ የተደረገው የማስረጃ ሥራ ለታሪክ ጸሐፊ የሚያስቀና ነው። በአሜሪካ ሕግ የቦታ ስም ተራ የንግድ ምልክት ሊሆን የሚችለው፣ ገዢዎች ስሙን ሲሰሙ ከአንድ ምንጭ ጋር ማያያዛቸው ሲረጋገጥ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ወገን ነጋዴዎች ሲዳሞ ሲሉ የትኛውን ቡና ማለታቸው እንደሆነ ከራሱ ከገበያው ማሳየት ነበረበት። ስሙን ለዘመናት ሲጠቀሙበት የኖሩት ነጋዴዎች አጠራር ለተቃውሞው መልስ ሆነ።

ከቢሮው ውጭም ሙግቱ ጦፎ ነበር። ኦክስፋም አሜሪካ የተባለው የተራድኦ ድርጅት ጥቅምት 1999 (ኦክቶበር 2006) ላይ ስታርባክስ ስሞቹን እንዲቀበል ዘመቻ ከፈተ፤ የስሞቹ መከበር በዓመት ወደ 88 ሚሊዮን ዶላር ሊያስገኝ ይችላል ብሎም ገመተ። ይህን አኃዝ ሲጠቅሱ ግምት መሆኑን የሚዘነጉ ብዙ ናቸው። በኅዳር የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጂም ዶናልድ አዲስ አበባ መጥተው ከጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጋር ተነጋገሩ። ያኔ አልተስማሙም። ስምምነቱ የተፈረመው ሰኔ 1999 (ጁን 2007) ነው። ሲዳሞ በአሜሪካ መዝገብ የገባው የካቲት 2000 ዓ.ም ላይ ሲሆን ሐረርም ተሳክቶለታል። በጃፓን ደግሞ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ምዝገባውን ለማሰረዝ ተከራክሮ፣ የአገሩ የአእምሯዊ ንብረት ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2010 እ.ኤ.አ. በከፊል ለኢትዮጵያ ፈረደ።

በስሞቹ ለመጠቀም የተፈረመው ውል ገንዘብ አላስከፈለም። ፈቃድ የወሰደው ቡና የሚቆላ ድርጅት ለስሙ የሚከፍለው ሮያሊቲ የለም፤ ግዴታው ስሙን በማሸጊያው ላይ ማዋልና ለደንበኞቹ ማስተዋወቅ ነው። ኢትዮጵያ የጠየቀችው ኪራይ ሳይሆን መታወቅ ነበር፤ ስሙ ከታወቀ ዋጋው ይከተላል በሚል ስሌት። ለዚህም በውጭ ባለሙያዎች እርዳታ የጋራ ገጽታ ተቀረጸ። «የኢትዮጵያ ምርጥ ቡና» የሚል ጃንጥላ ስም ከላይ፣ ሦስቱ የቦታ ስሞች ከሥሩ። በአገራችን የብራንድ ሥራ ታሪክ ውስጥ መንግሥት ዓርማ አሠርቶ ቢሮ ግድግዳ ላይ ከመስቀል አልፎ፣ ሌሎች እንዲያትሙት ውል ያስፈረመበት ይህ ቀደምት ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ሐዋሳ እንምጣ፤ ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ነውና።

ሲዳሞ በውጭ በተመዘገበበት በዚያው 2000 ዓ.ም የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ። ነሐሴ ላይ የቡና ጥራት ቁጥጥርና ግብይት አዋጅ ቁጥር 602 ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት በታኅሣሥ ግድም ቡና ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ጨረታ ወደ ምርት ገበያ ተሸጋገረ። ቀድሞ መሀል አገር ይደረግ የነበረው ቅምሻም ወደ አምራቹ አካባቢ ወረደ፤ ሐዋሳ መጋዘንና የቅምሻ ክፍል አገኘች።

የዚያን ጊዜውን አሠራር በቅርብ ማየት ጠቃሚ ነው። ከአለታ ወንዶ ወይም ከበንሳ የመጣ መኪና መጋዘኑ በር ላይ ይቆማል። ከጭነቱ ናሙና ይወሰዳል፤ ናሙናው የአቅራቢው ስም ተነሥቶለት ኮድ ይሰጠዋል። ቀማሹ የማንን ቡና እንደሚቀምስ አያውቅም፤ እንዲያውቅም አይፈለግም። ከመቶው ነጥብ 40ው ለጥሬ ቡናው ነው፤ ቅርጹ፣ ቀለሙ፣ ሽታውና እንከኑ ይታያል። 60ው ለስኒው ነው። ውጤቱ ደረጃ ሆኖ ይወጣል፣ ቡናው ከደረጃ እኩዮቹ ጋር ይደረደራል፣ አቅራቢው የመጋዘን ደረሰኝ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ላኪው በ17 ኪሎ ፈረሱላ ዋጋ እየሰጠ የሚገዛው የአንድን ጣቢያ ቡና ሳይሆን አንድን ምድብ ነው። ምድቦቹ ሲዳማ ኤ፣ ሲዳማ ቢ፣ ሲዳማ ሲ ይባሉ ነበር። ኤ ውስጥ እንደ በንሳ፣ አርቤጎናና አሮሬሳ ያሉት ይገባሉ፤ ቢ ውስጥ አለታ ወንዶ፣ ዳሌ፣ ሸበዲኖና ሌሎች። ሲዳማ ሲ የሚባለው ደግሞ የወላይታንና የከምባታን ቡና ጭምር ይይዝ ነበር።

እንግዲህ ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። በአንዱ መንግሥት ስሙ ከምንጩ ጋር የተሳሰረ መሆኑን ለአሜሪካ መርማሪ በማስረጃ ያስረዳል። በሌላው ያው መንግሥት ቡናውን ከምንጩ የሚለይ ኮድ ይሰጣል። ሁለቱን ያቀዱት አካላት እርስ በርስ ለመጣረስ አስበው ነበር ለማለት የሚያበቃ ነገር የለም። ምርት ገበያው የመጣው በጨረታው ዘመን የነበረውን ማጭበርበር፣ ውል ማፍረስና የክፍያ መዘግየት ለማስቀረት ነበር፤ ገንዘብ በማግሥቱ ባንክ መግባቱን አቅራቢ ሁሉ ይመሰክራል። ናሙናው በኮድ መቀመሱም ለዚሁ ነው፤ ስም ያየ ቀማሽ ለስም ሊያደላ ይችላል። ነገር ግን የአንድን ጣቢያ ቡና ለይቶ ለሚፈልግ የውጭ ገዢ በሩ ተዘጋበት፤ ገዢዎቹም በጊዜው አጥብቀው አጉረምርመዋል።

በሩ ሙሉ በሙሉ ያልተዘጋባቸው የኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና የራሳቸውን እርሻ ቡና የሚልኩ ባለ ይዞታዎች ናቸው፤ በቀጥታ እንዲልኩ ተፈቅዶላቸዋል። በ1993 ዓ.ም የተቋቋመው የሲዳማ ቡና አብቃይ ገበሬዎች ዩኒየን ከእነዚህ አንዱ ነው። በእነዚያ ዓመታት የመሠረታዊ ማኅበሩን ስም ከሲዳማ ቡና ጋር አያይዞ ቡናውን እስከሚቆላው ድርጅት ያደረሰው በዋናነት እሱ ነበር። ላኪዎችም ከአቅራቢ ጋር ተሳስረው መነሻውን ይዘው እንዲሠሩ መንገዱ የተከፈተው በ2009 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 1051 ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። በ2012 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 2020) ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዘጋጀችው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የቡና ጥራት ውድድር አንደኛ የወጣው የአንድ የሲዳማ አርሶ አደር ቡና ነበር፤ ፓውንዱ በጨረታ ከ185 ዶላር በላይ ተሸጠ። ጨረታው ላይ የቀረበው በምድብ ፊደል ሳይሆን በአርሶ አደሩ ሙሉ ስም ነው።

በዚያው ዓመት የስሙ ጉዳይ ሌላ መልክ ያዘ። ሲዳሞ ከይርጋለም፣ በኋላም ከሐዋሳ ይተዳደር የነበረው የቀድሞው ክፍለ ሀገር ስም ነው፤ ሕዝቡ ራሱን የሚጠራው ሲዳማ ብሎ ነው። ኅዳር 10 ቀን 2012 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ሲዳማ ክልል እንዲሆን ተወሰነ፤ ሰኔ ላይ ሥልጣን ተረክቦ መቀመጫውን ሐዋሳ አደረገ። ከዚያ ወዲህ የክልሉ ቢሮዎች ደብዳቤና ማኅተም፣ የማኅበራቱም ወረቀት ሲዳማ ነው የሚለው። ምርት ገበያውም ከመነሻው ሲዳማ ነበር ያለው። ባሕር ማዶ በብዙ ድካም የተመዘገበው ግን ሲዳሞ ነው።

ይህ በአንድ ደብዳቤ የሚስተካከል አይደለም። የአሜሪካ ሕግ የተመዘገበ ምልክትን በመሠረቱ የሚለውጥ ማሻሻያ አይቀበልም፤ የመጨረሻው ፊደል መለወጥ መሠረታዊ ነው አይደለም የሚለው የመርማሪው ፍርድ ነው። አዲስ ማመልከቻ ቢገባ ደግሞ ስሙ ከምንጩ ጋር መያያዙን ዳግም ማስረዳት ሊያስፈልግ ይችላል። ነባሩ ምዝገባ በየአሥር ዓመቱ ይታደሳል፤ ሲታደስም ስሙ ገበያ ላይ መዋሉን የሚያሳይ ናሙና ይጠየቃል። ናሙናው ብዙውን ጊዜ የማሸጊያው ፎቶግራፍ ነው። ስለዚህ ምልክቱ በሕይወት እንዲቆይ ቡና የሚቆላ አንድ ድርጅት የሆነ ቦታ ሲዳሞ የሚለውን ስም ከረጢቱ ላይ ማተሙን መቀጠል አለበት።