ዶክተር መላኩ በያን በዋሽንግተን ከተማ

በውጭ አገር ተምሮ የመጣ የአንድ ሹም የግል ማኅደር በእጅዎ ቢገባ በውስጡ የሚያገኙት ነገር የታወቀ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ስም፣ የገባበትና የጨረሰበት ዓመት፣ የዲፕሎማው ዓይነት፣ በመጨረሻም ፊርማና ማኅተም። ተማሪው በዚያ ታላቅ ከተማ በየትኛው ሰፈር ቤት እንደ ተከራየ፣ ምሳውን ከማን ጋር እንደ በላ፣ በየትኛው በር እንዳይገባ እንደ ተከለከለ ግን በማኅደሩ አይጻፍም። ለዛሬ ያሰናዳሁት የዶክተር መላኩ በያን ታሪክ ነው። እኔ እንደማምነው እኚህ ሰው በአሜሪካ ከቀሰሙት ሁሉ አገራቸውን አብልጦ የጠቀመው ይኸው በማኅደር የማይጻፈው ክፍል ነበር። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጠቅሰው በእኛ አቆጣጠር ነው።

መላኩ በያን በ1892 ዓ.ም. ተወለዱ። የራስ ተፈሪ የሥጋ ዘመድ ስለ ነበሩም ከልጅነታቸው ጀምሮ በቤተ መንግሥት አደጉ። አስቀድመው ለትምህርት የተላኩት ወደ ሕንድ አገር ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ብዙ አልቆዩም። በ1914 ዓ.ም. ክረምት ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግረው በፕሬዚዳንት ሃርዲንግ ፊት ቀረቡ። ትምህርታቸውን የጀመሩት ግን በታላቅ ከተማ አይደለም፤ ፕሬዚዳንቱ በተወለዱበት በኦሃዮ ግዛት፣ ኒው ኮንኮርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ባለው በማስኪንገም ኮሌጅ ነው። ከዚያም ወደ ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ዘንድ አልፈው ትምህርታቸውን ቀጠሉ።

ከሩቅ አገር ለመጣና በመሳፍንት ቤት ላደገ ወጣት በዚያው መቀጠሉ የሚከብድ አልነበረም። እርሳቸው ግን በ1922 ዓ.ም. ገደማ ወደ ዋሽንግተን ሄደው የሕክምና ትምህርታቸውን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያዙ። ሃዋርድ ምን እንደ ሆነ ያላወቀ የዚህን ምርጫ ክብደት ሊያውቅ አይችልም። ይህ ዩኒቨርሲቲ የእርስ በርሱ ጦርነት ካበቃ በኋላ በ1859 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከባርነት የወጡትን ሰዎች ጉዳይ ከሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት አዛዥ ከጄኔራል ኦሊቨር ሃዋርድ ነው። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ የሕክምና ተማሪዎቹም ሥራውን የሚለማመዱት ነፃ ለወጡት ባሮች ተብሎ በተመሠረተው በፍሪድመንስ ሆስፒታል ነበር። ሆኖም የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ዶክተር ሞርዲካይ ጆንሰን ለዩኒቨርሲቲው የተሾሙት ገና በ1918 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ መላኩ ወደዚህ ትምህርት ቤት የገቡት ሌላ በር ጠፍቶ ሳይሆን ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር በቅርብ ለመኖር ፈልገው ነው።

የዚያን ዘመን ዋሽንግተን አንድ ስም ያላት ሁለት ከተማ ነበረች። በትራም አብሮ መሳፈር ይፈቀዳል፤ ከትራሙ ወርዶ ግን ጥቁሩ ሰው በመሐል ከተማ ሆቴል አያድርም፣ በነጮች ምግብ ቤት ተቀምጦ አይበላም፣ ልጁም የሚማረው ለብቻ በተሠራ ትምህርት ቤት ነው። አንድ ምሳሌ ብቻ ልጥቀስ። የባሮች ነፃ መውጣት በስማቸው የሚነሣው የፕሬዚዳንት ሊንከን መታሰቢያ ግንቦት 22 ቀን 1914 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ለበዓሉ የተጠሩት ጥቁሮች ከነጮቹ ተለይተው እንዲቀመጡ ተደረገ። ከተናጋሪዎቹ አንዱ ጥቁሩ ሊቅ ሮበርት ሞተን ነበሩ፤ የርሳቸውን ንግግር ሊሰሙ የመጡት የገዛ ወገኖቻቸው ግን ዳር ተቀምጠው ነበር። ወጣቶቻችን አሜሪካ የደረሱት በዚያው ዓመት ነው።

ታዲያ ለውጭ አገር ሰው አንዳንድ ጊዜ የምትከፈት ቀዳዳ ነበረች። ነገሩ ያስቃል፤ ያሳዝናልም። በ1940 ዓ.ም. አንድ የኒውዮርክ ጥቁር ቄስ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት በቀለማቸው ምክንያት ወደ ተንገላቱባት በአላባማ ወደምትገኘው ወደ ሞቢል ከተማ ተመለሱ። በዚህ ጊዜ ግን ጥምጥም ጠምጥመው የባዕድ አገር ሰው መስለው ነበርና በየሄዱበት በክብር ተስተናገዱ። የእኛ አገር ካህን በየማለዳው የሚጠመጥማት ጥምጥም በዚያ አገር ቀለም የዘጋውን በር ትከፍት ነበር ማለት ነው!

በዚህች ቀዳዳ ሾልኮ ለመኖር ከኢትዮጵያዊው ተማሪ ይልቅ የሚቀናው አልነበረም፤ የንጉሥ ዘመድ፣ የጥንት ነፃ መንግሥት ልጅ ነው። ፈተናውም እዚህ ላይ ነበር። ኢትዮጵያውያን ራሳቸውን ከጥቁር ሕዝብ አይቆጥሩም የሚል ወሬ በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ይነገር ነበር፤ ሁላችንም ብንሆን ለዚህ ወሬ ምክንያት አልሰጠንም ብለን በሙሉ አፍ ለመናገር የምንደፍር አይመስለኝም። መላኩ ወሬውን ያስተባበሉት በኑሯቸው ነው። በሃዋርድ ተማሩ፤ ገና ተማሪ ሳሉም ዶሮቲ ሃድሊ የተባሉትን ጥቁር አሜሪካዊት አገቡ። የተማሩ ጥቁሮች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በየሙያቸው እንዲያገለግሉም ይጋብዙ ነበር። የሺካጎው አውሮፕላን ነጂ ጆን ሮቢንሰን በጦርነቱ ዋዜማ ወደ አገራችን የመጡት በርሳቸው አማካይነት ነው። እኚህም ሰው ከነፃነት በኋላ ተመልሰው ወጣቶቻችንን አውሮፕላን መንዳት አስተማሩ፤ በ1946 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አርፈው በዚሁ ተቀበሩ።

ዶክተር መላኩ በ1927 ዓ.ም. የሕክምና ዲፕሎማቸውን ይዘው ከባለቤታቸው ጋር ወደ አገራቸው ተመለሱ። በሐኪምነት ለመሥራት የታደሉት ግን ወራት ብቻ ነው። ወዲያው ጦርነት ሆነ፤ ቁስለኛ አከሙ፤ በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱም አብረው ወጡ።

አሁን ወደ ተነሣንበት ነገር ደረስን። በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ዶክተር መላኩን ወደ አሜሪካ ሲልኳቸው የሕክምናው ዲፕሎማ አልነበረም የተፈለገው። የመንግሥታቱ በር እየተዘጋ ሄዶ ነበር፤ በ1931 ዓ.ም. እንግሊዝ እንኳ ኢጣልያ በኢትዮጵያ ላይ ያላትን ግዛት ዐወቀች። ያልተዘጋው በር በኒውዮርክ ከተማ የጥቁሮች ሰፈር በሃርለም ነበር። በሃርለም አብያተ ክርስቲያናትና አዳራሾች የተሰበሰበው ሰው ባለጸጋ አይደለም፤ የሥራ ማጣት ዘመን ገና አላለፈም ነበርና የሚያዋጣው ሳንቲም ከዳቦው የተቀነሰ ነው። እንዲህ ያለ ሕዝብ የማያውቀውን መልእክተኛ በጥምጥሙ ብቻ አያምንም። መላኩን ግን በሃዋርድ አብረዋቸው የተማሩ፣ በጋብቻ የተዛመዱ ሰዎች ያውቋቸው ነበር።

ነሐሴ 19 ቀን 1929 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ማኅበር በኒውዮርክ ተቋቋመ። ማኅበሩ በአሜሪካና በካሪብያን ደሴቶች ቅርንጫፎች አበጀ፤ ከነፃነት በኋላ በሻሸመኔ የተሰጠው መሬትም የተሰጠው በዚሁ ማኅበር በኩል ነው። ዶክተር መላኩ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተባለ ጋዜጣ በእንግሊዝኛ ያሳትሙ ነበር። ይኸው ስም ከዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ለሚታተም ጋዜጣ ሲሰጥ፣ ስሙ አስቀድሞ በሃርለም መንገድ ላይ ሲሸጥ እንደ ነበር ያወቁ አንባቢዎች ስንት ይሆኑ?

ዕረፍት የሌለው ሥራ ጤናቸውን ጎዳው። ዶክተር መላኩ በያን ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓ.ም. በኒውዮርክ ሲያርፉ ዕድሜያቸው 40 ዓመት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ የገቡት ከዚያ በኋላ በአንድ ዓመት ከአንድ ቀን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው።