አረንጓዴ ቅብ፦ ቅጠል የተሳለበት ሁሉ ለተፈጥሮ አይበጅም

አረንጓዴ ቅብ (ስም)፦ ተፈጥሮን የሚጎዳ ወይም እምብዛም የማይጠቅም ዕቃን ለተፈጥሮ ተስማሚ አስመስሎ ማቅረብ። ባሕር ማዶ «ግሪንዋሺንግ» ይሉታል።

የእንግሊዝኛውን ቃል በ1986 እ.ኤ.አ. የፈጠረው አሜሪካዊው የአካባቢ ተቆርቋሪ ጄይ ዌስተርቬልድ ነው። ሆቴሎች እንግዶቻቸው ለምድር ሲሉ ፎጣቸውን ደግመው እንዲጠቀሙ ይለምኑ ነበር። እሱ ግን ልመናው ከምድር ይልቅ ለሆቴሎቹ ወጪ የታሰበ መሆኑን ታዘበ።

ቃል በቃል «አረንጓዴ እጥበት» ብንለው በአማርኛ ሐሳቡ ይገለበጣል፤ እጥበት ለእኛ ንጽሕና ነውና። «ቅብ» ግን የወርቅ ቅብ ሐብል ገዝቶ ለሚያውቅ ሁሉ ግልጽ ነው፤ ላዩ ያብረቀርቃል፣ ሲሰነብት ውስጡ ይወጣል።

ለአራስ ጥየቃ ወይም ለበዓል ስጦታ ፍለጋ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ሱቅ የገባ ሰው እሬትና ማር የተሳለባቸው ሎሽኖችና ሳሙናዎች ያጋጥሙታል። ሥዕሉን ትቶ ጀርባውን ያንብብ። የይዘት ዝርዝር በአብዛኛው የሚጻፈው ከብዛት ወደ ማነስ ነው፤ እሬቱ ከሽቶው በኋላ መጨረሻ ላይ ከተገኘ ዕቃው ውስጥ ያለው ጠብታ ያህል ነው።

የስጦታው መያዣም ይታይ። ጨርቅ የሚመስለው ባለ ማንጠልጠያ ከረጢት ብዙውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን የተባለ ፕላስቲክ ነው። ቀረብ ብለው ቢያዩት ድርና ማግ የለውም፤ በሙቀት የተጣበቀ ነው።

«ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ራሱ እውነት ሲሆንም ጥንቃቄ ይሻል። እንዶድ የእናቶቻችን ሳሙና ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ግኝቱ የቢልሃርዝያ በሽታ አስተላላፊ የሆነውን ቀንድ አውጣ ለመቆጣጠር መንገድ ከፈተ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አስገኘላቸው። ቀንድ አውጣውን የገደለው ኃይል ግን ዓሣም ይገድላል። ስለዚህ የእንዶድ እጣቢ ወንዝ ውስጥ መደፋት የለበትም።

ይህ ለአዲስ አበባ ዙሪያ ነዋሪ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። የሱሉልታ ሜዳ ውሃ በሙገር በኩል ዓባይን ይቀላቀላል፤ የቡራዩና የሰበታ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ከገላችን የታጠበው ሁሉ ከታች ላለው ገበሬና ከብት ይደርሳል።

ቅቡን ለመለየት ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ከምን ተሠራ? ማን ሠራው? ሲያልቅ የት ይወድቃል? በእጅ የተፈተለ የጥጥ ጋቢ፣ ከሣር የተሰፋ ሙዳይ፣ ከንብ አናቢ የተገዛ ማር፣ የወይራ መፋቂያ ሦስቱንም በቀላሉ ይመልሳሉ። ሆኖም ጋቢም ከሰው ሠራሽ ክር ይሸመናል፣ ሙዳይም በፕላስቲክ ይሰፋል፤ ባህላዊ መልክም ቅብ ሊሆን ይችላልና እነሱም ይጠየቁ።

አጠቃቀም፦ «ማሸጊያው ላይ ‹ከተፈጥሮ የተገኘ› ይላል፤ ከምን እንደተሠራ ግን አይናገርም። አረንጓዴ ቅብ ነው።»

ቃሉን ገበያ ውስጥ ጮክ ብለን እንጠቀምበት። ደንበኛው ሥዕሉን ሳይሆን ይዘቱን እንደሚጠይቅ ያወቀ ነጋዴ፣ የሚመልስበትን ዕቃ ማምጣት ይጀምራል፤ በእጇ የምትፈትለውና የምትሰፋውም የድካሟን ዋጋ ታገኛለች።