ያባረረቻቸውን የምታስጎበኝ ከተማ

ደቡብ ስፔን ወደምትገኘው ኮርዶባ የሚመጣ የጎብኚ ቡድን ብዙውን ጊዜ ያለው አንድ ቀን ብቻ ነው። ጠዋት ከማድሪድ በፈጣኑ ባቡር ይሳፈራል፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ይደርሳል፤ ማታ ይመለሳል። አስጎብኚዋ ከፍ አድርጋ የያዘችውን ጃንጥላ እየተከተለ የአንድ ሺህ ዓመት ታሪክ በአንድ ቀን ይጨርሳል። የሚነገረውም ታሪክ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ እዚህ ከተማ ሙስሊሙ፣ ክርስቲያኑና አይሁዱ ተቻችለው ይኖሩ ነበር። ደስ ይላል! ግን እስቲ እኛም ቡድኑን እንቀላቀልና ሐውልቶቹን ራሳቸውን እንጠይቅ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ታላቁ መስጊድ። ዘመዶቹ ተፈጅተውበት ከሶርያ የሸሸው የኡመያ ልዑል ቀዳማዊ አብዱራህማን በ785 ገደማ ጀመረው፤ ተተኪዎቹ ለ200 ዓመታት ሲያሰፉት ኖሩ። ከ850 በላይ ዓምዶች አሉት፤ በላያቸው ቀይና ነጭ ቅስቶች። ጫካ የገባችሁ ይመስላችኋል። ከዚያ ድንገት፣ መሐሉ ላይ፣ ካቴድራል! የካስቲያው ንጉሥ ሳልሳዊ ፈርዲናንድ በ1236 ከተማዋን ሲይዝ መስጊዱ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በ1523 መሐሉን አፍርሰው ካቴድራል ሊያቆሙ ሲነሱ የተቃወመው ማን መሰላችሁ? የክርስቲያኖቹ የከተማ ምክር ቤት ራሱ! ንጉሠ ነገሥቱ ቻርልስ አምስተኛ ግን ለካህናቱ ፈረደ።

ቀጥሎ የአይሁድ ሰፈር። አንዲት ትንሽ አደባባይ ላይ ፈላስፋውና ሐኪሙ ማይሞኒደስ ተቀምጧል፤ ሐውልቱ የቆመው በ1964 ነው። ጎብኚ ሁሉ ስለሚነካው ጫማው ያብረቀርቃል። ሰውዬው እዚሁ ከተማ ተወለደ። በ1148 ከሞሮኮ የተነሱት አልሞሃዶች ኮርዶባን ሲይዙ አይሁዱም ክርስቲያኑም እንዲሰልም ወይም እንዲወጣ ተገደደ። የማይሞኒደስ ቤተሰብ ልጁን ይዞ ተሰደደ። ታላቅ ሐኪም የሆነው ግብፅ ነው።

ጥቂት እልፍ ስትሉ በ1315 የተሠራው ምኩራብ አለ። አይሁዶቹን በ1492 ያባረሯቸው የካቶሊክ ነገሥታት ናቸው። ምኩራቡ የእብድ ውሻ በሽታ የያዛቸው ሰዎች ሆስፒታል ሆነ፤ ቆይቶ የጫማ ሠሪዎች ጸሎት ቤት። የዕብራይስጥ ጽሑፎቹ ከልስኑ ሥር የወጡት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

የድሮው የከተማ ግንብ ሥር ደግሞ አውሮፓውያን አቬሮይስ የሚሉት ኢብን ሩሽድ አለ። አርስቶትልን ለዓለም ያብራራ፣ የኮርዶባ ዳኛ የነበረ ሙስሊም ነው። እሱን ያሳደዱት የገዛ ሃይማኖቱ ሰዎች ናቸው። በ1195 ሉሴና ወደምትባል ከተማ ተጋዘ፤ የፍልስፍና መጻሕፍቱ ተቃጠሉ። ኋላ ምሕረት ቢያገኝም በ1198 ማራካሽ ሞተ። አስከሬኑ ለኮርዶባ ሲጫን ያየው ኢብን አረቢ እንደጻፈው፣ በእንስሳው አንድ ጎን አስከሬኑ፣ ሚዛን እንዲጠብቅ በሌላው ጎን መጻሕፍቱ ነበሩ።

ታዲያ መቻቻሉ ተረት ነው? አይደለም። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ሐስዳይ ኢብን ሻፕሩት የተባለ አይሁዳዊ የኸሊፋው ሐኪምና ዲፕሎማት ነበር። ችግሩ ሌላ ነው፦ መቻቻሉ የገዢው ፈቃድ እንጂ የተገዢው መብት አልነበረም። ገዢው ሲቀየር ፈቃዱም ተቀየረ። አባራሪው አንድ ሃይማኖት ብቻ እንዳልሆነም ልብ በሉ፤ ጉልበት ያገኘ ሁሉ ተራውን አባረረ።

ዛሬ ኮርዶባ ከነዚሁ ስደተኞች ስም እንጀራ ትበላለች። ክፋት የለውም፤ ሐውልት ከመርሳት ይሻላል። ግን ከተማ የሚመዘነው ለሞተ ሊቅ በሚያቆመው ነሐስ ሳይሆን፣ በሕይወት ያለውን በር ላይ ሲያንኳኩበት በሚያደርገው ነው። ኮርዶባ ከሄዳችሁ የማይሞኒደስን ጫማ ንኩት፤ ስትነኩት ግን ጫማው ወዴት ይሄድ እንደነበር አትርሱ።