ስምንቱ የንግግር ክፍሎች ከየት መጡ?

ስም፣ ተውላጠ ስም፣ ቅጽል፣ ግሥ፣ ተውሳከ ግሥ፣ መስተዋድድ፣ መስተጻምር፣ ቃለ አጋኖ። ከአሶሳ እስከ አዲስ አበባ እንግሊዝኛ ሰዋስው የተማረ ሁሉ እንደ ውዳሴ ደጋግሞታል። ለምን ሰባት ወይም ዘጠኝ እንዳልሆነ የሚጠይቅ ግን እምብዛም ነው።

ነገሩ የተጀመረው እንግሊዝ አገር አይደለም። ከክርስቶስ ልደት መቶ ዓመት ገደማ በፊት፣ የእስክንድርያ ትምህርት ያፈራው ዲዮናስዮስ ትራክስ በስሙ በሚታወቀው አጭር መጽሐፍ የግሪክኛን ቃላት በስምንት ከፈላቸው። ሮማውያን ይህን ወደ ላቲን ሲያመጡት አንዱ ጎደለ፤ እንግሊዝኛው «ዘ» እንደሚለው ያለ፣ ስምን እየቀደመ የሚገባ ቃል ላቲን የለውማ! ታዲያ «በእኛ ሰባት ነው» ብለው በመተው ፈንታ ቃለ አጋኖን አስገብተው ስምንቱን ሞሉት። ቁጥሩ ከቋንቋው በለጠ ማለት ነው።

ዊልያም ቡሎካር እ.ኤ.አ. በ1586 የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ሰዋስው ሲያሳትም እያየ የጻፈው ላቲኑን ነው። ቅጽልም ከስም ጋር ታጉሮ ብዙ ዘመን ኖረ። ዛሬ የምንሸመድደውን ዝርዝር ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1761 አውጥቶት እናገኛለን፤ ያው የኦክስጅኑ ኬሚስት ነው፣ ሰውየው የማይነካው ነገር አልነበረም።

ወደ እኛ እንምጣ። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ በ1948 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ ሰዋስዋቸው ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። ባዬ ይማም ግን በ1987 ዓ.ም. ክፍሎቹን አምስት አደረጓቸው፤ ተውላጠ ስምን ከስም፣ መስተጻምርን ከመስተዋድድ ጨመሩና ቃለ አጋኖን አስወጡት። እኔ ከእሳቸው ጋር ነኝ፤ «ወይኔ!» የሚል ሰው ዓረፍተ ነገር እየሠራ አይደለም።

የአሶሳ ልጅ ደግሞ ሌላም ቁጥር ያውቃል። ቁርኣን ቤት ገብቶ ዐረብኛውን የገፋበት እንደሆነ የሚነገረው ሦስት ብቻ ነው፦ ኢስም፣ ፊዕል፣ ሐርፍ። ሲበወይህ በ8ኛው ምዕተ ዓመት መጽሐፉን የከፈተው በእነዚሁ ነው። እንግዲህ ቤቱ በርታ የሚናገር አንድ ተማሪ ሦስትም፣ አምስትም፣ ስምንትም ይማራል፤ የገዛ ቋንቋው ስንት እንዳለው የሚነግረው ግን አያገኝም።

ጥያቄው የቀልድ አይደለም። በመተከልና በካማሺ የሚነገረውን ጉሙዝኛ ውሰዱ። ኮሊን አህላንድ እ.ኤ.አ. በ2012 ባቀረበችው ሰፊ ጥናት እንደምናነበው፣ የሰውነት ክፍል ስም ግሡ ውስጥ ገብቶ አንድ ቃል ይሆናል፤ አንዳንዴም ራሱን አካሉን መጥራቱ ይቀርና የሚነገርለትን ነገር ዓይነት ወይም ቅርጽ ወደ ማመልከት ይዞራል። ይህን ቃል በየትኛው ሣጥን እንከተው? ስም ነው ብንል ግሡ ይጮኻል፤ ግሥ ነው ብንል ስሙ ውስጡ ተቀምጧል። ለጉሙዝ ልጆች የሰዋስው መማሪያ የሚያዘጋጅ ሰው ስምንቱን ርእስ አስቀድሞ ጽፎ ምሳሌ ፍለጋ ከወጣ፣ ይህ የቋንቋው ዋና ጠባይ በየትኛውም ገጽ ሳይገባ ይቀርበታል።