እስኬፕ (የጆርኒ አልበም)

«እስኬፕ» ጆርኒ የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ የሮክ ባንድ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1981 በኮሎምቢያ ሪከርድስ በኩል ያወጣው ሰባተኛ የስቱዲዮ አልበም ነው። አሥር ዘፈኖች አሉት። የተቀረጸው በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ከተማ በሚገኘው ፋንታሲ ስቱዲዮ ሲሆን ፕሮዲውሰሮቹ ማይክ ስቶንና ኬቨን ኤልሰን ናቸው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር በአሜሪካ የቢልቦርድ የአልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ፤ ባንዱ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ በሌላ አልበም እዚያ ደረጃ ላይ አልደረሰም።

ጆርኒ በ1973 ሲመሠረት ዜመኛ ባንድ አልነበረም። ከካርሎስ ሳንታና ባንድ የወጡት ጊታሪስቱ ኒል ሾንና የኪቦርድ ተጫዋቹ ግሬግ ሮሊ በመጀመሪያዎቹ ሦስት አልበሞች ረጃጅም የመሣሪያ ጨዋታ ያበዙ ነበር፤ ገበያውም ፊቱን አልሰጣቸውም። በ1977 ስቲቭ ፔሪ በድምፃዊነት ሲገባ ዘፈኖቹ አጠሩ፣ ዜማው ፊት ወጣ። የሶል አቀንቃኙን ሳም ኩክን እየሰማ ያደገው ፔሪ በሮክ ጩኸት መካከል ድምፁን ማለዘብ ይችልበት ነበር። ቀሪው ለውጥ የመጣው በ1980 ነው፤ ሮሊ ባንዱን ለቀቀና በእሱ ቦታ ዘ ቤቢስ ከሚባለው ባንድ ጆናተን ኬን ተተካ።

ኬን ከኪቦርዱ ጋር የግጥም ማስታወሻ ደብተሩንም ይዞ መጣ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኑሮ አልሳካ ባለው ጊዜ ቺካጎ ላሉት አባቱ ስልክ ደውሎ ወደ ቤት ልመለስ ወይ ብሎ አማክሯቸው ነበር። አባቱ ማመኑን እንዳይተው መከሩት፤ እሱም ቃላቸውን ደብተሩ ላይ አሰፈረው። አልበሙ ሊጠናቀቅ ጥቂት ሲቀረው አንድ ዘፈን ሲፈለግ ያ ማስታወሻ «ዶንት ስቶፕ ቢሊቪን» ሆነ።

የዚህ ዘፈን አሠራር ልብ ብለው ሊያዳምጡት የሚገባ ነው። በፒያኖ ይጀምራል፤ ቤዙ፣ ጊታሩና ድራሙ ተራ በተራ ይጨመራሉ። ሌላ ባንድ ቢሆን አዝማቹን በመጀመሪያው ደቂቃ ባፈነዳው ነበር። እዚህ ግን ርዕሱን የያዘው አዝማች የሚሰማው ከሦስት ደቂቃ በላይ ከተጠበቀ በኋላ፣ ዘፈኑ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቀረው ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ወጣቶች በሌሊት ባቡር ተሳፍረው ወዴት እንደሚሄዱ አይነገረንም፤ አድማጩም ከእነሱ ጋር ይጠብቃል። በግጥሙ ውስጥ ያለው «ደቡብ ዲትሮይት» ነገር ሲያስቅ ኖሯል፤ ከመሐል ዲትሮይት ወንዙን ወደ ደቡብ የተሻገረ ሰው የሚደርሰው የካናዳዋ ዊንዘር ላይ ነውና። ፔሪ አጠራሩ ስላማረው እንደመረጠው ተናግሯል።

«ኦፕን አርምስ» የተባለው የፍቅር ዘፈን ሊቀር ምንም አልቀረውም ነበር። ኬን መጀመሪያ ያሰማው ለዘ ቤቢስ ድምፃዊ ለጆን ዌይት ነበር፤ ዌይት ስሜት በዝቶበታል ብሎ አልተቀበለውም። ጆርኒ ውስጥም ሾን እምብዛም አልወደደውም፤ ፔሪ ግን ሙጥኝ አለ። ዘፈኑ በ1982 በነጠላ ዘፈኖች ሰንጠረዥ ላይ ለስድስት ሳምንታት ሁለተኛ ሆኖ ቆየ፤ አንደኝነቱን የነፈጉት የጄ ጋይልስ ባንድና ጆን ጄት ናቸው። «ሁዝ ክራይንግ ናው» አራተኛ፣ «ዶንት ስቶፕ ቢሊቪን» ዘጠነኛ ደርሰዋል።

ሁሉም ዘፈን እኩል አይደለም። «ኪፕ ኦን ራኒን» እና «ሌይ ኢት ዳውን» በወቅቱ ከማንም የሮክ ባንድ ሊሰሙ የሚችሉ ናቸው። ብዙ ሰው የሚያልፈው «መዘር፣ ፋዘር» ግን የአልበሙ ከባዱ ሥራ ነው፤ በችግር የሚናጥ ቤተሰብ ውስጥ ያለ ልጅ እናት አባቱን ይለምናል። ከደራሲዎቹ አንዱ የሾን አባት ማት ሾን መሆናቸው ለልመናው ሌላ ክብደት ይሰጠዋል።

የዘመኑ ተቺዎች አልበሙን ንቀውት ነበር፤ እንዲህ ያለውን ሙዚቃ ለሬዲዮ ተለክቶ የተሰፋ ሸቀጥ ይሉት ነበር። ነቀፋው ስለ ቅንብሩ ጽዳት ከሆነ መሠረት አለው። ግጥሞቹ ተራ ቃል መሆናቸው ግን ጉድለት አልነበረም፤ ቅኔ የሌለበትን ስንኝ ፔሪ የሚዘፍነው ሳያፌዝና ሳያፍር ነው፤ በሌላ ድምፃዊ አፍ ብዙው ባዶ ይሆን ነበር።

ስታንሊ ማውስ የሳለው የሽፋን ሥዕል፣ ከክብ ዓለም ሰብራ የምትወጣ ጢንዚዛ መሰል መንኮራኩር፣ በ1982 የአታሪ ጨዋታ ሆኖ እስከ መሸጥ ደረሰ። «ዶንት ስቶፕ ቢሊቪን» ደግሞ በ2007 የ«ሶፕራኖስ» ተከታታይ ድራማን መጨረሻ ካጀበና በ2009 በ«ግሊ» የቴሌቪዥን ድራማ ከተዘፈነ በኋላ ለአዲስ ትውልድ ደረሰ፤ በ1982 ብሪታንያ ውስጥ እምብዛም ያልተሰማው ዘፈን ወደ ሰንጠረዡ አናት ቀረብ አለ። በ2022 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ ከሚገባቸው ቀረጻዎች አንዱ አድርጎ መዘገበው። ፔሪ ባንዱን ከለቀቀ ቆይቷል፤ ከ2008 ጀምሮ እነዚህን ዘፈኖች በመድረክ የሚያቀርበው ሾን በዩቲዩብ ቪዲዮ አይቶ የጠራው ፊሊፒናዊው አርኔል ፒኔዳ ነው።