የምርምር ፔፕታይድ ሕጋዊ ሁኔታ በኢትዮጵያ

የምርምር ፔፕታይድ በአነስተኛ ብልቃጥ ውስጥ ብዙውን ጊዜ በዱቄት መልክ ታሽጎ «ለምርምር ብቻ» ወይም «ለሰው አገልግሎት የማይውል» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት የሚሸጥ የፔፕታይድ ዓይነት ነው። በኢትዮጵያ የመድኃኒት ሕግ «የምርምር ፔፕታይድ» የሚባል ራሱን የቻለ የምርት ምድብ የለም። አንድ ፔፕታይድ እንደ መድኃኒት መታየት አለመታየቱ የሚወሰነው በታሰበለት አገልግሎት እንጂ በብልቃጡ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ አይደለም። ስለዚህ ሰው እንዲወጋው ወይም እንዲወስደው ታስቦ የሚሸጥ ፔፕታይድ መድኃኒት ነው፤ ካልተመዘገበም ማስመጣት፣ ማከማቸትና መሸጥ የተከለከለ ነው።

ምንነት

ፔፕታይድ አሚኖ አሲዶች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው የሚፈጥሩት ውሁድ ነው። ሰንሰለቱ ሲረዝም ፕሮቲን ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ድንበሩ 50 አሚኖ አሲድ አካባቢ ነው። በሕክምና ለረጅም ጊዜ ከታወቁት መካከል በወሊድ ጊዜ የሚሰጠው ኦክሲቶሲን 9፣ ለስኳር ሕመም የሚሰጠው ኢንሱሊን ደግሞ 51 አሚኖ አሲዶች አሏቸው። ኢንሱሊን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ ሲሆን ለሕመምተኛ የተሰጠው በተከታዩ ዓመት ነው። ኦክሲቶሲን በቤተ ሙከራ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው።

በቅርብ ዓመታት የፔፕታይድን ንግድ ያሰፋው ሴማግሉታይድ ነው። ይህ መድኃኒት በዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. በ2017 ለስኳር ሕመም፣ በ2021 ደግሞ ክብደትን ለመቀነስ ጸድቋል። ፈላጊው ሲበዛና ዋጋው ሲወደድ፣ ያልተፈቀደላቸው ሻጮች ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ብልቃጦች «ለምርምር» በሚል ሽፋን ማቅረብ ጀመሩ። ከእነዚህ ጋር ጡንቻ ያሳድጋሉ ወይም ጉዳት ያሽራሉ የሚባሉ፣ በመድኃኒትነት ያልጸደቁ እንደ ቢፒሲ-157 ያሉ ፔፕታይዶችም ይሸጣሉ።

«ለምርምር ብቻ» የሚለው ጽሑፍ

ጽሑፉ መነሻው ሕጋዊ ነው። ቤተ ሙከራዎች ለሙከራ የሚጠቀሙባቸው ኬሚካሎች ሰው ላይ የሚሞከሩ ስላልሆኑ እንደ መድኃኒት አይመዘገቡም። አምራቹም ምርቱ ለሕክምና እንዳይውል ለማስጠንቀቅ ይህን ይጽፋል። ችግሩ የሚፈጠረው ጽሑፉ እንዳለ ሆኖ ሻጩ የመርፌ መጠን ሲናገር፣ መርፌና ማሟሟያ ውኃ አብሮ ሲያቀርብ፣ ወይም «ያከሳል»፣ «ያፈረጥማል» ብሎ ሲያስተዋውቅ ነው። በዚህ ጊዜ የታሰበው አገልግሎት ከሻጩ አድራጎት ስለሚታወቅ ጽሑፉ ከኃላፊነት አያድነውም።

የሕጉ ታሪክ

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የመድኃኒት ቁጥጥር መሠረት የሆነው እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የፋርማሲ ደንብ ቁጥር 288 ነው። ደንቡ ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ካገለገለ በኋላ አዋጅ ቁጥር 176/1991 ወጥቶ የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን ተቋቋመ። ቀጥሎ የወጣው አዋጅ ቁጥር 661/2002 የምግብን፣ የመድኃኒትንና የጤና ክብካቤን ቁጥጥር በአንድ ላይ አደረገ። አሁን በሥራ ላይ ያለው በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲሆን አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው።

የአዋጁ ይዘት

አዋጁ ለመድኃኒት ሰፊ ትርጉም ይሰጣል። በሽታን ለመመርመር፣ ለማከም ወይም ለመከላከል ብቻ ሳይሆን የሰውነትን አሠራር ለመለወጥ የሚውል ነገርም መድኃኒት ነው። በመሆኑም «በሽታ አያክምም፤ ጡንቻ ብቻ ነው የሚያሳድገው» የሚል መከራከሪያ ምርቱን ከትርጉሙ አያወጣውም።

ማንኛውም መድኃኒት ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት ደኅንነቱ፣ ፈዋሽነቱና ጥራቱ ተገምግሞ መመዝገብ አለበት። ያልተመዘገበ መድኃኒት በባለሥልጣኑ ልዩ ፈቃድ ሊገባ የሚችልባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ ይሁን እንጂ እነዚህ እንደ አስቸኳይ የጤና ችግር ላሉ ውስን ጉዳዮች የተተዉ ናቸው እንጂ ለመደበኛ ንግድ አይደሉም። አዋጁን መጣስ በእስራትና በገንዘብ መቀጮ ያስቀጣል።

ከምርቱ በተጨማሪ ሻጩም ፈቃድ ያስፈልገዋል። አምራቾችንና አስመጪዎችን የሚቆጣጠረው የፌዴራሉ ባለሥልጣን ነው። የችርቻሮ መድኃኒት ቤቶች ፈቃድ ግን የክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች ሥራ ነው። ለምሳሌ በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ 18 ማዞሪያ አካባቢ ፋርማሲ መክፈት የሚፈልግ ሰው ፈቃዱን የሚያገኘው ከከተማ አስተዳደሩ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ነው። ይህ ፈቃድ ግን የተመዘገቡ መድኃኒቶችን ለመሸጥ ብቻ ያገለግላል፤ ያልተመዘገበ ፔፕታይድ ፈቃድ ባለው ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ መቀመጡ ሕጋዊ አያደርገውም። በተቃራኒውም የመዋቢያ ዕቃ፣ የስፖርት ማሟያ ወይም የኬሚካል ንግድ ፈቃድ መድኃኒት ለመሸጥ አያስችልም።

በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 መሠረት በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒትን ለሕዝብ ማስተዋወቅ የተከለከለ ነው። ስለዚህ በቴሌግራም ቻናል የመርፌ ብልቃጥ ፎቶ ከዋጋ ጋር መለጠፍ የሽያጩን ብቻ ሳይሆን የማስታወቂያውንም ሕግ ይነካል።

«ለእንስሳት ብቻ» የሚል ጽሑፍም እንዲሁ መውጫ አይሆንም። የእንስሳት መድኃኒት በአዋጅ ቁጥር 728/2004 የተለየ ምዝገባና ቁጥጥር ተደርጎበታል።

ለእውነተኛ ምርምር

ፔፕታይድን ለቤተ ሙከራ ሥራ መጠቀም ሕጋዊ ነው። በዚያው ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ በአለርት ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተ ሲሆን በሥጋ ደዌና በሳንባ ነቀርሳ ምርምር ይታወቃል። በሳንባ ነቀርሳ ምርምር ኢሳት-6 እና ሲኤፍፒ-10 ከሚባሉት የባክቴሪያው ፕሮቲኖች የተወሰዱ ፔፕታይዶች ከተቀዳ ደም ጋር ይደባለቃሉ፤ ከዚያ የነጭ የደም ሴሎች ምላሽ ይለካል። ፔፕታይዱ የሚጨመረው በቱቦ ውስጥ ላለ ደም ነው እንጂ ወደ ሰው ሰውነት አይገባም።

ያልተመዘገበን ነገር ለሰው ሰጥቶ ውጤቱን ማየት ሲፈለግ ሥራው ክሊኒካዊ ሙከራ ይሆናል። ይህም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታ፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድና የተሳታፊው ፈቃደኝነት ይጠይቃል። አንድ ሰው ገዝቶ በራሱ ላይ የሚሞክረው ብልቃጥ እነዚህን ሁሉ አያሟላም፤ «ምርምር» የሚለው ቃል ትርጉም የሚኖረው ከዚህ ሥርዓት ጋር ሲሆን ነው።

በስፖርት

የዓለም ፀረ-ዶፒንግ ኤጀንሲ የተከለከሉ ንጥረ ነገሮች ዝርዝር የፔፕታይድ ሆርሞኖችንና የእድገት ፋክተሮችን በአንድ ምድብ ይከለክላል። የቀይ ደም ሴልን የሚያበዛው ኢፒኦ በዚህ ውስጥ ነው። በየትኛውም አገር ለሰው ሕክምና ያልጸደቁ ንጥረ ነገሮች ደግሞ በሌላ ምድብ ሙሉ በሙሉ የተከለከሉ ሲሆን ቢፒሲ-157 ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በስም ተጠቅሷል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ልዩ ክብደት አለው። ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኖች ማኅበር (አይኤኤኤፍ) እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 የፀረ-ዶፒንግ ሥርዓታቸው አሳሳቢ ነው ካላቸው አምስት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በአገር ውስጥ ቁጥጥሩን የሚያካሂደው የኢትዮጵያ ፀረ-ዶፒንግ ባለሥልጣን ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 526 ዶፒንግን ወንጀል አድርጎታል። በፀረ-ዶፒንግ ሕግ አትሌቱ በሰውነቱ ለተገኘው ነገር ራሱ ተጠያቂ ነው፤ «ሻጩ አልነገረኝም» የሚል መልስ ጥሰቱን አያስቀርም።

ለዚህ በሰፊው የሚጠቀሰው የአውስትራሊያው ኤሰንደን የእግር ኳስ ክለብ ጉዳይ ነው። የክለቡ 34 የቀድሞና ነባር ተጫዋቾች በ2012 የውድድር ዘመን ታይሞሲን ቤታ-4 የተባለ ፔፕታይድ ተወግተዋል በሚል የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ለሁለት ዓመት አግዷቸዋል።

በሌሎች አገሮች

ሌሎች አገሮችም ከጽሑፉ ይልቅ አገልግሎቱን ይመለከታሉ። የዩናይትድ ስቴትስ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ሴማግሉታይድንና መሰሎቹን «ለምርምር» እያሉ ለሸማች ለሚሸጡ ድርጅቶች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ልኳል። በአውስትራሊያ በርካታ ፔፕታይዶች በሐኪም ማዘዣ ብቻ ከሚሰጡት መካከል ተመድበዋል። በብሪታንያ አንድ ምርት በአቀራረቡ ወይም በሰውነት ላይ በሚፈጥረው ለውጥ መድኃኒት ሊባል ይችላል።

የጤና አደጋ

ባልተመዘገበ ብልቃጥ ውስጥ ምን እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሆነና ከጀርም ነፃ መሆኑን ያረጋገጠ ተቆጣጣሪ የለም። ብዙ የፔፕታይድ መድኃኒቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለባቸው፤ ማቀዝቀዣ በሌለው መንገድ የመጣ ምርት በመልኩ ሳይለወጥ ሊበላሽ ይችላል። የተመዘገበ መድኃኒት ስም መያዙም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 በብራዚል፣ በብሪታንያና በዩናይትድ ስቴትስ ስለተገኙ ሐሰተኛ የሴማግሉታይድ ምርቶች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

ይህ ማለት ግን ፔፕታይድ ሁሉ ሕገ ወጥ ነው ማለት አይደለም። ኢንሱሊንና ኦክሲቶሲን በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በየዕለቱ የሚሰጡ ሕጋዊ መድኃኒቶች ናቸው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሕመምተኛ ስለ ምርምር ፔፕታይድ በሚሰማው ምክንያት ሕክምናውን ማቋረጥ የለበትም።

አጠራጣሪ መድኃኒት ያጋጠመው ሰው በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ጥቆማ መስጠት ይችላል።